ስለ ክረምት ጉዞና ስለ ጓዝ አሰነዳድ፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ደጋ ለሚወጣ ቤተ ሰብ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ቃል ለዘማች ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ከልጆችዋ ጋራ ረጅም መንገድ ለምትሄድ የቤት እመቤትም እጅግ የሚስማማ ምክር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሕፃናት ዕረፍት በሚያገኙበት፥ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም የዓመት ፈቃድ በሚቀበሉበት በክረምት ወራት፥ ብዙ ቤተ ሰብ የአያቶቹን አገር ለማየት ወደ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በሐምሌና በነሐሴ ወደ ደብረ ታቦርና በዙሪያው ወዳለው ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ሄዶ ብዙ ሳምንት ለመሰንበት የሚያስብ ሰው፥ አሳቡንና ጓዙን እንዴት አድርጎ ማሰናዳት እንደሚገባው እንናገራለን።

ለዚህ ጉዞ ዋና ምክንያት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የቡሄ በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ይህ በዓል ስሙ ደብረ ታቦር ስለሆነ፥ በስሙ በምትጠራው ከተማ ሲውል ደስታው እጥፍ ይሆናል። ችቦው፥ የጅራፉ ድምፅ፥ በየደጁ የሚዞሩት ልጆች፥ ለእነርሱም የሚታደለው ሙልሙል ዳቦ፥ በከተማ ያደገ ሕፃን በመጽሐፍ አንብቦ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነው። ዳሩ ግን ይህ መልካም በዓል የሚውለው ዝናሙ እጅግ በሚበረታበት፥ ጉሙም ከቀትር በፊት በማይገለጥበት ወር ነው። ስለዚህ ለበዓሉ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ለክረምቱ መሰናዳት አለበት።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን በተለይ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ለእነርሱ ሐምሌና ነሐሴ የበጋ ወራት ናቸውና፥ በዚያ ያለው ሙቀት በእኛም አገር የሚጠብቃቸው እየመሰላቸው ለልጆቻቸው ስስ ልብስና ክፍት ጫማ ብቻ አሰናድተው ይመጣሉ። ደብረ ታቦር ሲደርሱም ሕፃናቱ በአያታቸው ጋቢ ተጠቅልለው ከእሳት ዳር መለየት ያቅታቸዋል። የወር ስም የአየር ጠባይ አይደለም። በዚያው በበጋቸው ወራት በታላላቅ መርከብ ተሳፍረው ወደ ኖርዌይ ጠረፍና ወደ ሰሜን ባሕር የሚጓዙ የኤውሮጳ ሰዎች እንኳ፥ «በጋ ነው» ብለው ሳይዘናጉ ከስስ ልብሳቸው ጋራ የሱፍ ሹራብና የዝናም ካፖርት ሳይዙ አይነሡም። ወደ ቀዝቃዛ አገር የሚሄድ ሁሉ ሊከተለው የሚገባ ሥርዓት ይህ ነው።

የእኛም መኳንንት ይህን ዓይነቱን ጉዞ ያውቁታል። በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል በመርከብ በተጓዙ ጊዜ፥ ኢየሩሳሌምንና ካይሮን፥ ፓሪስንና ብሩክሴልን፥ ስቶክሆልምን፥ ሮማን፥ ሎንዶንንና አቴናን ጐብኝተው የተመለሱት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። በጓዛቸው መካከል ለስጦታ የሚሆኑ ሕያዋን አንበሶች እንኳ ነበሩ። ያ ጉዞ የቀይ ባሕርን ትኩሳትና የስቶክሆልምን ነፋስ በአንድ መንገድ ያገናኘ ነበር። በጊዜው የተነሡትን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው እንደሚያየው፥ መኳንንቱ በነጩ ልብሳቸው ላይ ካባ ደርበው ነበር። ካባው ለክብር የተሠራ ልብስ ቢሆንም ሙቀት ሲሆን የሚወልቅ፥ ብርድ ሲሆን የሚደረብ ነውና፥ አንድ ልብስ ለሁለት አየር የሚያገለግልበትን ብልሃት ያስተምራል።

አሁን ወደ አገራችን ደጋ እንመለስ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ከእርስዋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ አላት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በጋይንት አገር ያለችው ንፋስ መውጫ ደግሞ ወደ 3,100 ሜትር ትደርሳለች፤ ስምዋም ምን ዓይነት ልብስ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይናገራል። የጉና ተራራ ራስ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። የአየር ጠባይ አዋቂዎች እንደሚያስተምሩን፥ ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ከባሕር ዳር በሸሚዝ የተነሣ መንገደኛ፥ ጥቂት ሰዓት በመኪና ተጉዞ ደብረ ታቦር ሲደርስ 6 ዲግሪ ያህል፥ ንፋስ መውጫ ሲደርስ ደግሞ 8 ዲግሪ ያህል ብርድ ተጨምሮ ያገኘዋል። የዝናሙ ርጥበትና የነፋሱ ኃይል ሲታከሉበት ብርዱ ከቍጥሩ ይልቅ ይሰማል።

ስለ ጓዝ ክብደትም ከደብረ ታቦር ታሪክ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም። ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ የነበረች፥ ኋላም ዓፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ከተማ ናት፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራውም በአጠገብዋ በጋፋት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ለመሄድ በቈረጡ ጊዜ ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቀው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተነሡ። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝን ስለነበር፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች እየጐተቱት፥ ከፊቱም መንገድ እየተቈረጠለት፥ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ቀላል ጓዝ የያዘ መንገደኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያው፥ እንዲያ ያለ ጽኑ ንጉሥ እንኳ በዚያ አገር ክረምትን እንዳልደፈረው ነው። ሁለተኛው፥ የጉዞን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉ የከበደው ዕቃ መሆኑ ነው። ሁሉ ቀላል ሆኖ አንድ ሣጥን ከባድ ቢሆን፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ለዚያ ሣጥን አገልጋይ ሆኖ ይውላል።

ስለዚህ ለጓዝ አሰነዳድ አንድ ሕግ እንሰጣለን፤ ይኸውም ጓዝ የሚሰናዳው ከቤተ ሰቡ እጅግ ደካማ ለሆነው ሰውና እጅግ ለሚበርደው ሌሊት ነው። ለሚያዩን ሰዎች፥ ለክብራችንም መግለጫ አይሰናዳም። ጐልማሳው አባት አንድ ሌሊት ቢበርደው ጧት ይስቅበታል፤ ያው ብርድ የስድስት ወር ሕፃንና የሰባ ዓመት አያት ላይ ሲደርስ ግን ለሕይወት ያሰጋል። እንግዲህ ሻንጣው ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው የእነዚህ ሁለቱ ልብስ፥ መጨረሻ የሚገባው የአባትየው የበዓል ልብስ ይሁን።

ስለ ልብስ

በብርድ አገር አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ በልብሶቹ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀትን ይጠብቃልና፥ ፀሐይ ስትወጣም አንዱን አውልቆ መቀመጥ ይቻላል። ከሥር ገላን የሚነካው ልብስ ደረቅና ንጹሕ፥ ከመካከል ያለው የበግ ጠጕር ሹራብ፥ ከላይ ያለው ነፋስና ዝናም የማያስገባ ይሁን።

ጋቢ ለደጋ ምሽት የሚተካከለው የሌለ ልብስ ነው። ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ይከብዳል፥ ሙቀቱም ይጠፋል፥ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢ ለቤትና ለመኝታ ይቀመጥ፤ ለመንገድ የሚሆነው የበግ ጠጕር ነው፤ ጠጕር ቢረጥብ እንኳ ጥቂት ሙቀት ይጠብቃልና። አባቶቻችን በርኖስን ለመንገድ፥ ባናን ለመኝታ የመረጡት ይህን በማወቅ ነው። የደጋውን እረኛ ብንመለከት ደግሞ፥ ከሣር የተሠራውን ገሳ ደፍቶ ዝናሙን ከላይ ያንሸራትተዋል። ዛሬ በገሳ ፈንታ የላስቲክ የዝናም ልብስ በየገበያው ይገኛል። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ መያዝ ይገባል። ጥላ ብቻ መያዝ አይበቃም፤ የጋይንት ነፋስ ጥላን ገልብጦ ለመስበር ጊዜ አይፈጅበትም።

በከተማ ልማድ ልብስ የሚቈጠረው በቀን ነው፤ በደጋ ክረምት ግን የሚቈጠረው በማድረቂያው ጊዜ ነው። የታጠበ ልብስ ፀሐይ አጥቶ ሁለትና ሦስት ቀን ርጥብ ሆኖ ሊቈይ ይችላልና፥ ለእያንዳንዱ ሕፃን ቢያንስ ሦስት ጥንድ ካልሲ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በእግሩ፥ አንዱ በገመድ ላይ፥ አንዱ በሻንጣው ውስጥ። የሌሊት ልብስ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለብቻው ይቀመጥ። ሻንጣው ቢዘንብበት፥ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ፥ ሌላው ሁሉ ቢረጥብ፥ ያ ከረጢት ብቻ ሳይነካ መድረስ አለበት። ማታ የሚለበስ አንድ ደረቅ ልብስ ያለው ሰው የቀኑን ዝናም ሁሉ ይታገሠዋል።

ጫማን በሚመለከት፥ ለጭቃው የጎማ ቦት፥ ለቤት አንድ ደረቅ ጫማ ይበቃል። አዲስ ጫማ ለመንገድ አይሆንም፤ እግር ያቈስላልና ቢያንስ ሁለት ሳምንት በቤት ሊለመድ ይገባዋል። የረጠበ የቆዳ ጫማ ከእሳት ዳር ቢቀመጥ ቆዳው ይሰነጠቃል። ውስጡን በወረቀት ሞልቶ ከእሳት ርቆ ማድረቅ ይሻላል፤ ለዚህም አንብበው የጨረሱት ጋዜጣ መልካም አገልግሎት ይሰጣል።

ስለ ስንቅና ስለ ባለቤቱ ቤት

በክረምት ወደ ገጠር ለሚሄድ እንግዳ እጅግ የሚያስፈልገው ዕውቀት ይህ ነው፤ ነሐሴ የጎተራ መጕደያ ወር ነው። ያለፈው ዓመት እኽል እያለቀ፥ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ነው። ገበሬው ለዘመዱ ያለውን ከማቅረብ ወደ ኋላ አይልም፥ ማነሱንም በቃሉ አይናገርም። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይዞ ሦስት ሳምንት የሚቀመጥ እንግዳ፥ ሳያውቀው የዘመዱን ቤት የአንድ ወር ምግብ ሊበላበት ይችላል። አስተዋይ መንገደኛ የሚበላውን እኽል በባሕር ዳር ወይም በደብረ ታቦር ገበያ ገዝቶ፥ «ለበዓሉ ነው» ብሎ በትሕትና ለእመቤቲቱ ያስረክባል። የስጦታው ቃል እንዲህ ሲሆን የባለቤቱ ክብር አይነካም።

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ስለሚውል፥ ቡሄም በጾሙ ውስጥ ስለሚገኝ፥ ስንቁ የጾም ሊሆን ይገባዋል። ለዚህ የአገራችን ስንቅ የሚወዳደረው የለም። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ ሽሮና በርበሬ ቀላል ናቸው፥ አይበላሹም፥ ለአብዛኞቹም ብዙ እሳት አያስፈልግም። አገልግል ለመጀመሪያው ቀን ምሳ ይሆናል፤ ፔርሙስ ሙሉ ትኩስ ሻይ ደግሞ በመንገድ ለሚበርዳቸው ሕፃናት ከብዙ ልብስ ይበልጣል። ለሙልሙል የሚሆን የስንዴ ዱቄት አስቦ የሚይዝ እንግዳ፥ በቡሄ ዕለት ደጁን የሚያንኳኩትን የመንደር ልጆች ባዶ እጃቸውን አይሸኝም።

ለባለቤቶቹ ስጦታ ሲታሰብም ከጌጥ ይልቅ ጨው፥ ዘይት፥ ቡና፥ ስኳር፥ ሳሙና፥ ሻማ፥ ክብሪትና የእጅ ባትሪ ይመረጣሉ። ትምህርት በመስከረም ስለሚከፈት ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ መያዝ እጅግ ያስመሰግናል። ደግሞም ነሐሴ የአረም ወር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ገበሬው ስለ እንግዳው ብሎ ከእርሻው ቢቀር የሚጐዳው በኅዳር ነውና፥ ከቁርስ በኋላ «ወደ ሥራዎ ይሂዱ፥ ማታ እንጫወታለን» የሚል እንግዳ እውነተኛ ዘመድ ነው።

ስለ እሳትና ስለ መኝታ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ቢረሳ ይህ አንዱ እንዳይረሳ እንለምናለን። በደጋ ብርድ ምክንያት ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ፥ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጢስ ስለሌለው ሰው እንዳለ አይጠረጥርም። በሳንባ ገብቶ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይይዛል። የሚነቃ ሰው ራስ ምታት፥ ማዞርና ማስመለስ ይሰማዋል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው በዚያው ይቀራል። በአገራችን በክረምት ሌሊት በዚህ ምክንያት የጠፋ ቤተ ሰብ ወሬ በየጊዜው ይሰማል። አደጋው በተለይ የሚበረታው በቆርቆሮና በሲሚንቶ በተሠራ፥ ነፋስ በማያስገባ ክፍል ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን። ክፍሉ በር ተከፍቶ ይሞቃል፤ ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚተኛው። ለሕፃንና ለሽማግሌ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ወይም በጎማ ከረጢት ሞልቶ፥ ገላን እንዳያቃጥል በጨርቅ ጠቅልሎ ከብርድ ልብሱ ሥር ማኖር ይበቃል። ከመኝታ በታች አጎዛ ወይም ሌላ ወፍራም ነገር ማንጠፍ ከላይ ብርድ ልብስ ከመጨመር ይበልጣል፤ ብርዱ ከመሬት ይመጣልና። ራስንና እግርን መሸፈንም ብዙ ይረዳል። ከሰል በነደደበት ቤት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ «ብርድ ነው» ሳይባል ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥተው ንጹሕ አየር እንዲስቡ ማድረግና ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አንሶላና የራሱን ብርድ ልብስ መያዝ የንቀት ምልክት ተደርጎ እንዳይታይ። ክረምት ሰውን በአንድ እሳት ዙሪያ ያሰበስባልና፥ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የሚስፋፋው በዚህ ወቅት ነው። በሽታው ሄዶ የሚመለስ፥ ፈጥኖ ካልታከመም የሚገድል ነው። ልብስን በፈላ ውኃ ማጠብና ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኰስ ቅማሉን ይገድለዋል።

ስለ መድኃኒት

ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፥ ለታሰበው ጊዜ የሚበቃውንና ለተጨማሪ አንድ ሳምንት የሚሆነውን ይያዝ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። መድኃኒቱም በመኪና ጣራ ላይ ከሚጫነው ጓዝ ጋራ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሽማግሌ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታና ከዚያም በላይ ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በከፍታ አየሩ ይሳሳልና። ጤነኛ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀስ ብሎ ቢሄድ፥ ውኃም አብዝቶ ቢጠጣ ይጠቀማል።

ሕፃን ሲያስለው ትንፋሹን መመልከት ያስፈልጋል። ትንፋሹ ከፈጠነ፥ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፥ ወይም መጥባት ካቃተው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና፥ ጧት እስኪሆን ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። የሚጠጣ ውኃ ይፈላ፤ ለተቅማጥም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት በቦርሳ መያዝ መልካም ነው። ደግሞ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው አጎበር አያስፈልገኝም ብሎ አይተወው። በመንገድ ላይ በወረታ ወይም በሌላ የፎገራ ሜዳ ከተማ አንዲት ሌሊት ማደር ወባ ለመያዝ ትበቃለች፤ ትኩሳቱም የሚነሣው ደጋ ከደረሱ በኋላ ስለሆነ ብርድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ስለ መንገድና ስለ ወንዝ

ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ በሜዳው ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያለ፥ በጉና ላይ የወረደው ዝናም ከሰዓታት በኋላ ወንዙን በድንገት ይሞላዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፥ ድልድይ በሌለበት ስፍራ ጥልቀቱ ጉልበት ብቻ የሚመስል ጐርፍ ብርቱ ሰው ይጥላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራን ሜዳ ያጥለቀለቀው ጐርፍ ብዙ ቤተ ሰብ ያፈናቀለ ነበር። እንግዲህ ወንዝ ሞልቶ ሲገኝ በዚህ ማዶ መጠበቅ እንጂ መድፈር አይገባም፤ የቀረ ቀጠሮ ይደገማልና።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ፥ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር፥ ንፋስ መውጫና ወልድያ የሚወስደው አውራ ጐዳና ለመኪና የሚሆን ነው። ከጐዳናው ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚሄድ ሰው ግን በጭቃ ምክንያት ጥቂቱን መንገድ በእግር ወይም በበቅሎ ለመሄድ መሰናዳት አለበት። በበቅሎ የሚጫን ጓዝ ግራና ቀኙ እኩል እንዲመዝን፥ አንድ ትልቅ ሣጥን ከመያዝ ሁለት እኩል የሆኑ ለስላሳ ሻንጣዎች መያዝ ይሻላል። ከጧት እስከ ቀትር ዝናሙ ብዙ ጊዜ ቀለል ስለሚል በማለዳ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ስፍራ መያዝ ያስፈልጋል።

በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው የጦር ግጭት ለመንገደኛ ታላቅ ችግር ማምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከመነሣት አስቀድሞ በዚያ ካሉ ዘመዶችና ከመንገዱ ነጂዎች ዘንድ ጠይቆ መረዳት ግዴታ ነው። መልሱ የሚያጠራጥር ሲሆን ሕፃናትን ይዞ ከመነሣት ይልቅ ገንዘቡንና ዱቄቱን ለአያቶች ልኮ በዓሉን በያሉበት ማክበር የፍርሃት ሥራ ሳይሆን የአስተዳዳሪ ማስተዋል ነው።

የመሰናዶው ተራ

ይህን ሁሉ ለማከናወን የሚከተለውን ተራ መጠበቅ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ከአንድ ወር በፊት የሚሄዱት ሰዎች ቍጥር ይወሰን፥ ለባለቤቶቹም የመምጫውና የመመለሻው ቀን ይነገር፥ ሕፃናትና ሽማግሎች በሐኪም ይታዩ።

2ኛ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ጫማው ይለመድ፥ የዝናም ልብሱ ውኃ ፈስሶበት ይፈተን፥ በሶውና ዳቦ ቆሎው ይሰናዳ።

3ኛ፤ ከሦስት ቀን በፊት ጓዙ ሁሉ በአንድ ክፍል ተዘርግቶ ይታይ። እመቤቲቱ እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣች «ይህ ባይኖር ሌሊት ማን ይበርደዋል? ማንስ ይታመማል?» ብላ ትጠይቅ። መልስ የሌለው ዕቃ ወደ ሣጥኑ ይመለስ።

4ኛ፤ በዋዜማው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሻንጣ ተሸክሞ በግቢው ይዙር። መሸከም ያቃተው ሰው ይቀንስ። የዕቃው ዝርዝር በሁለት ወረቀት ተጽፎ አንዱ በሻንጣ፥ አንዱ በእጅ ይያዝ።

5ኛ፤ ሲመለሱ ያልተጠቀሙበት ብርድ ልብስ፥ ሹራብና መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ይጻፍ፤ የሚተርፈውንም ሞቃት ልብስ ለባለቤቶቹ ትቶ መምጣት መልካም ነው። ለእኛ የሦስት ሳምንት ብርድ የሆነው ለእነርሱ የዓመት ኑሮ ነውና።

የተከበሩ አንባቢዎቻችን፥ ሕፃን ልጅ የአያቱን አገር የሚወደው በዚያ ባየው ታላቅነት ብቻ ሳይሆን በዚያ ባገኘው ሙቀት ነው። በመጀመሪያው ጉዞው ርጥብ ልብስ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ፥ አድጎ «እንሂድ» ቢሉት ወደ ኋላ ይላል። በደረቅ ልብስ ተጠቅልሎ፥ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ፥ ከውጭ የዝናሙን ድምፅ ከውስጥ የአያቱን ተረት እየሰማ ያደረ ልጅ ግን ሳይጠሩት ይመለሳል። አንድ ከረጢት ደረቅ ልብስ በአባቶች አገርና በልጆች ልብ መካከል ይህን ያህል ሥራ ይሠራልና፥ በመሰናዶው መድከም አይከፋም። ለሚሄዱት ሁሉ መንገዱን የቀና ያድርግላቸው።